ሰርቦ ላይ አረም ያጠፋሁ ሰሞን

በስንፍናው የሚጸጸት ሰው አጽናኝ አያጣም። «አይዞህ፣ ገና ጊዜ አለህ» ይሉታል፤ ከባሰበትም አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጋብዙታል። በትጋቱ የሚጸጸተውን ሰው ግን ማን ያጽናናዋል? «ምነው ያን ጠዋት ተኝቼ በዋልኩ፤ ምነው ሥራዬን ባበላሸሁ» እያለ የሚያለቅስ ሰው ብታገኙ ጠበል ውሰዱት ነው የምትሉት። እንግዲህ ጠበሉን አዘጋጁልኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ይልቅ የሚለበልበኝ አንድ ያለ እንከን የሠራሁት ሥራ ነው። አለቆቼ አጨበጨቡልኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ፎቶግራፍ አነሱኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ የምወዳትን ልጅ ከነቤተሰቧ ከሰርቦ አስነቀልኩ። ሥራው አረም ማጥፋት ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ጥቂት ወራት ሠልጥኜ፣ አንድ ካኪ ሱሪ፣ አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማና ስለ አረም የተጻፈ ደብተር ይዤ፣ የልማት ሠራተኛ ተብዬ ሰርቦ ተመደብኩ። ሰርቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ፣ ተሳፋሪው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ የምታልፏት ከተማ ናት። ጅማ ሲባል ሰው ሁሉ ቡና ቡና ይለዋል። ቡናውን ማን ይክዳል? ግን ቡና ጠጥቶ ብቻ የሚያድር ሆድ የለም፤ የሰርቦ ሜዳ ጤፍና በቆሎ ነው። ጤፍን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዘሩ ከአቧራ ብዙም የማይበልጥ፣ ቡቃያው ሣር የሚመስል እህል ነው። ሣሩም በበኩሉ ጤፍ ይመስላል። ደብተሬ ላይ የነበረው ሥዕል ሁለቱንም አይመስልም።

የሰርቦ ሰው ጤፉን የሚያርመው በደቦ ነው፤ በኦሮምኛው ዳዶ ይሉታል። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ማሳው በቁመቱ ለየሰዉ ድርሻ ድርሻ ይከፈላል። ሁሉም ከአንድ ጫፍ ቁጢጥ ብሎ ይነሣና አረሙን እየነቀለ ወደ ሌላው ጫፍ ይጓዛል። ደንቡ ታዲያ ይህ ነው፦ ድርሻውን ቀድሞ የጨረሰ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ወደ ኋላ የቀረውን ሰው መርጦ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ እየነቀለለት ይመጣል። ፈጣኑና ቀርፋፋው መሐል ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ የዚያ ሰው ድርሻ አለቀ ማለት ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ።

እኔ እንግዲህ የልማት ሠራተኛ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ወርዶ መሥራት አለበት ስለተባለ ወረድኩ። በመጀመሪያው ቀን ደቦው ድርሻውን ጨርሶ ሲያበቃ እኔ ገና ሲሶው ላይ ነበርኩ። ቀና ብል ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰማያዊ ሻሽ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ከሻሹ ሥር ሁለት እጆች፣ ጤፍ የሚቆላ ምላስ ይባል የለ፣ እንደዚያ ባለ ፍጥነት አረም ይነቅላሉ። ስሟ ታደለች ይባላል። አጠገቤ ስትደርስ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም የነቀልኩትን እፍኝ ከእጄ ወሰደችና፣ «ጓድ፣ የነቀሉት ጤፉን ነው፤ የተዉት ሣሩን ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ሠልጥነው ነው የመጡት ወይስ ተቀጥተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱን ቡቃያ መዳፌ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ይሄ እንጀራ ነው፣ ይሄ ሣር ነው እያለች በጣቷ ታሳየኝ ጀመር። እኔ የማየው ጣቷን ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ሁለቱን በደንብ አልለያቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን የሚያህል ቀርፋፋ አራሚ በዚያ አገር አልታየም። ሰው ሰነፍ ሆኖ ይወለዳል ይባላል፤ እኔ ግን ስንፍናን ተምሬ፣ ተለማምጄ፣ ተክኜበት ነው ያገኘሁት። አንዷን አረም ለመንቀል ዙሪያዋን አያለሁ፣ ሥሯን እዳስሳለሁ፣ ደብተሬን አወጣለሁ። ታደለች ድርሻዋን ጨርሳ ተነሥታ ዙሪያውን ስትቃኝ ልቤ ይደልቃል፤ ሁልጊዜም ከሁሉ ወደ ኋላ የቀረሁት እኔው ነኝና ወደ እኔ ትመጣለች። በመካከላችን ያለው አረም እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። ፊት ለፊት ተገናኝተን የመጨረሻዎቹን ስንነቅል ጥቂት ቃል እንለዋወጣለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቷ እግር፣ ስለ እኔ ጫማ መቀደድ። ይኸው ነው። ግን ያን ያህል ወሬ በሕይወቴ ሙሉ ከማንም ጋር ያወራሁ አይመስለኝም።

የማሳው ባለቤት አባ ኦሊ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓይናቸው እንኳን አረም፣ የሰው ሐሳብ አያመልጠውም። አንድ ቀን አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «ወላሂ፣ የታመመው እጅህ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ነው?» እኔም ወገቤን ነው አልኳቸው። «ኢንሻአላህ ይሻልሃል» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

የታደለች አባት አቶ ሎምቤቦ ከሐዲያ አገር የመጡ ሰው ናቸው። እንደ ብዙዎቹ ከደቡብ እንደመጡት ሁሉ ወንጌል አማኝ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ነበር። ስለዚህ መዝሙራቸውን አረም ሲያርሙ ያለ ቃል፣ በጉሮሮ ብቻ ያዜሙት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምንድን ነው ይሄ ሲላቸው የአረም ዘፈን ነው ይላሉ። ሊቀመንበሩም የአረም ዘፈን እንዲህ ሆድ የሚያባባ መሆኑን አላውቅም ነበር ብሎ ያልፋቸው ነበር። አቶ ሎምቤቦ የደረሳቸው መሬት ጓሮ የምታህል ናት። ቤተሰባቸው የሚኖረው የሰው አረም እያረመ ነው። ቅጥር ተከልክሏልና ቅጥር አይባልም፤ መረዳዳት ይባላል። መረዳዳቱ በጤፍ ይከፈላል።

አቶ ሎምቤቦ በዕረፍት ሰዓት አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሩቅ አገር ድረው ከዚያ በኋላ ዓይኗን አላዩም። «ይችን ግን» ይላሉ ታደለችን እያዩ፣ «ይችን የሚወስድ ሰው አጠገቤ ቤት ይሥራ። ጭሱን ካላየሁ አልሰጥም።» እኔ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ሰርቦ ተመድቤ የለም? ጭሴ ከቤታቸው ይታያል። የሃይማኖቱን ነገር እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ግን ያን ጭንቅ ለኋላ አስቀምጬው ነበር። የቀረኝ አፌን ከፍቶ መናገር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምን ቸገረኝ? ነገም አረም አለ፤ ከነገ ወዲያም አረም አለ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን እንደ ልማዳችን መሐል ላይ ተገናኘን። ታደለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና አለችና በረጅሙ ተነፈሰች። «ይሄ አረም ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ጤነኛ ወጣት ቢሆን ኖሮ «ምነው፣ ባያልቅስ?» ይላታል። ነገሩም እዚያው ያልቃል፤ እኔም ዛሬ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም። እኔ ግን ባለሙያ ነበርኩ። ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ የሚፈለግ ይመስለኛል። ያን ሌሊት ደብተሬን ገለጥኩ።

ሌላው ወንድ ለሚወዳት ሴት ሽቶ ይገዛል፣ ነጠላ ይገዛል። እኔ ፀረ አረም አመጣሁላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንደኔ ላለው ነው። በጋውን ሙሉ ጅማ እየተመላለስኩ የአለቆቼን በር አንኳኳሁ። አንዱ ማመልከቻ ጻፍ ይለኛል፣ ሌላው የጻፍከው ማመልከቻ ማኅተም የለውም ይለኛል። በመጨረሻ ከመጋዘን አንድ በጀርባ የሚታዘል መርጫና አንድ ጀሪካን ሙሉ ቱ ፎር ዲ የሚሉትን መድኃኒት ፈርሜ ወሰድኩ። በጭነት መኪና ላይ ጀሪካኑን በሁለት ጉልበቴ መሐል አቅፌ ስመለስ ደስታዬ ሙሽራ ይዞ የሚመጣ ሰው ደስታ ነበር። ሽታው ራስ ያዞራል። እኔ ግን የታደለችን ወገብ እያሰብኩ ነበር፤ ቀና ብላ ስትሄድ፣ ደክሟት በረጅሙ ሳትተነፍስ።

የገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ ነገሩን አስረዳሁ። አባ ኦሊ እጃቸውን አነሡ። «አራማውን የሚገድል መድኃኒት ጤፉን እንዴት ይምረዋል? ዓይን አለው ወይ?» አሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው፤ ጤፍ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ያልፈዋል አልኳቸው። አባ ኦሊ ግን፣ «ሣሩስ? እሱም ቀጭን ነው» አሉ። ደብተሬን ያነበቡት ይመስል። እኔም መልሱ ነበረኝ፤ ሣሩን የምናጠፋው በእርሻ ነው። ከበልግ ጀምረን ደጋግመን እናርሳለን፤ ሣሩ በበቀለ ቁጥር ሞፈር እንመልስበታለን። ከመዘራቱ በፊት ቢያንስ አምስት ጊዜ። ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ በሬ ማኅበር የለውም እንጂ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ያመለክት ነበር አለ። ሊቀመንበሩ ይህ ፀረ ልማት ንግግር ነው አለና ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ።

ዕድሉ ክፉ የሆነ ሰው ሲሠራ ነገር ይበላሽበታል፤ ለእኔ ግን ሁሉ ነገር ሰመረ። ከመጋቢት ጀምሮ አረስን፤ ገመስን፣ ደገምን፣ ሠለስን፣ ከዚያም አለፍን። በሬዎቹ በዓይናቸው ይረግሙኝ ነበር። ጤፉ ተዘርቶ ሲበቅል ሣር የለበትም ማለት ይቻላል። ቅጠለ ሰፊው አረም ደግሞ ብቅ ሲል መርጫዬን አዝዬ ገባሁ። ከማሳ ማሳ ሄድኩ። በሳምንቱ አረሙ ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ ወደቀ። አንድ ቀን ብቻ ነፋስ ተነሥቶ መድኃኒቱ ወደ አባ ኦሊ ጓሮ ሄደና የሚስታቸውን ጎመን በሙሉ አጠወለገው። አባ ኦሊ የወደቀውን ጎመን ይዘው መጡና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይን እንደሌለው አሁን አወቅን» አሉኝ። ጎመኑን ገበያ ወጥቼ ገዝቼ ተካሁላቸው።

ከጅማ እንግዶች መጡ። ማሳው ዳር ተደርድረው የእርሻ ተአምር አዩ፤ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ጤፍ፣ አንዲት አረም የሌለችበት። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። አለቃዬ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ የአረም ጠላት ብሎ ጠራኝ። እኔ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አንገቴን አስረዝሜ ሰማያዊ ሻሽ እፈልግ ነበር። አልነበረችም። ወገቧን እያሳረፈች ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ጽሕፈት ቤቴ መጣች። ጽሕፈት ቤት ስል አንድ ጠረጴዛና የሚያፈስ ቆርቆሮ ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት እግሯ ረግጦት አያውቅም። በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን በሻሿ ጫፍ እየጠቀለለች፣ «ጓድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» አለችኝ። «በሚቀጥለው ዓመትም ይረጫል?» እኔ የልፋቴ ዋጋ ደረሰኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሚቀጥለው ዓመት ይሄ ብቻ አይደለም፣ የሰርቦ ሜዳ በሙሉ ይረጫል አልኳት። ለሪፖርት ያዘጋጀሁትን ካርታ ሳይቀር አወጣሁላትና ማሳዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ካርታውን ሳይሆን እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «በሙሉ?» አለችኝ። በሙሉ አልኳት። «እሺ» አለችና ሄደች።

ለመስቀል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እንኳን አደረሳችሁ ልበል ብዬ ልብሴን አጥቤ ተኩሼ ቤታቸው ሄድኩ። በሩ በሽቦ ታስሯል። ጎረቤታቸው አባ ኦሊ ነበሩና ወዴት ሄደው ነው አልኳቸው። ከጅማ ወዲያ የቡ በምትባል የቡና አገር ለቀማ ደርሷል ተብሎ ሄዱ አሉኝ። ለለቀማ ከሆነ ይመለሳሉ አልኳቸው። አባ ኦሊ ለሕፃን ልጅ እንደሚታዘን አዘኑልኝ። «ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ «ተመልሰው ምን ሊበሉ? እኛ ማሳችን ጤፍ ነው። የሎምቤቦ ማሳ አረሙ ነበር።»

እዚያው የታሰረው በር ሥር ተቀመጥኩ። ታደለች ጽሕፈት ቤቴ በር ላይ ቆማ የጠየቀችኝ ምን እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንሂድ ወይስ እንቆይ ነበር ያለችኝ። እኔም በካርታ አስደግፌ ሂዱ አልኳት።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉት የለ? ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም፤ ስለማይነገር ነው። ማሳ ዳር እቆማለሁ፤ ጤፉ ያምራል፤ ሰው የለም። ዜማው የለም። አንዳንዴ በመንገድ ዳር የበቀለች አረም ሳይ እንደ ዘመድ ትናፍቀኛለች። ሰዎች ባለሙያ ሆኖ አረም አይነቅልም ብለው ያሙኝ ነበር። ናፍቆት ለካ ቦታ ይመርጣል፤ እኔን የያዘኝ ቁጢጥ ባልኩ ቁጥር ጉልበቴ ላይ ነበር።

የቡ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ለይለፍ ወረቀት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል። ፍቅር ምክንያት ተብሎ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። እንዲህ እንዲህ ስል ክረምት ገባ፤ በመጨረሻ አለቃዬን ለምኜ የሁለት ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ጅማ ገበያ ገብቼ አዲስ ሰማያዊ ሻሽ ገዛሁና ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። የቡ ስደርስ የት ናቸው ብሎ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መድኃኒት ያልደረሰበት አገር አረም አለው፤ አረም ካለ ሎምቤቦ አሉ። ከቡናው ጫካ ሥር ያለው ሜዳ ላይ ያ ያለ ቃል የሚዜመው ዜማ ከሩቅ ተሰማኝ። ልቅሶ የሚቀድመኝ መሰለኝ።

ማሳው ዳር ብቅ ስል ዜማው ተቋረጠ። አራሚዎቹ አንድ በአንድ ብድግ አሉ። በመጀመሪያ ለክብሬ መሰለኝ። አቶ ሎምቤቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ከስተዋል። «ጓድ» አሉኝ፣ «በእግዚአብሔር ስም እንለምንዎታለን፤ ይችን ይተዉልን። ከዚህ ወዲያ የምንሄድበት የለንም።» ከኋላቸው ያሉት ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ እያዩኝ ነው። ታደለችም እያየችኝ ነው። «ለምን መጡ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሃያ ሰው ቆሞ ይሰማችኋል፤ አባቷ ባርኔጣ አውልቀዋል፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ። መናገር የነበረብኝን ቃል ከሰርቦ ጀምሮ በመንገዱ ሁሉ ስለማመደው ነበር የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ለጥናት ነው» የሚል ነበር።

የአቶ ሎምቤቦ ፊት አመድ መሰለ። አንዲት አሮጊት እዚያው አረሙ መሐል ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ጥናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ፤ ዘንድሮ ጥናት፣ ለከርሞ መርጫ። እንግዳ ያለ ምሳ አይሸኝምና እየተርበተበቱም ቢሆን ከቆሎአቸው ሰጡኝ። ቆሎውን አንድ በአንድ እየቆረጠምኩ ጨረስኩ። ስነሣ አቶ ሎምቤቦ ልጃቸውን መንገድ ድረስ ሸኚያቸው አሏት። ለደግነት ይሁን ለመጨረሻ ልመና፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በቡናው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ለጥናት አይደለም የመጣሁት አልኳት ለጀርባዋ። «አውቃለሁ» አለችኝ ሳትዞር፤ «ለጥናት የመጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ሻሽ አይዝም።» ለካ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ቆመች። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም፤ ግን ተናገርኩ። ያ መድኃኒት ለማን እንደመጣም ነገርኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሻሹን ከእጄ ተቀበለች። አባዬ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው አለችኝ። አንደኛ፣ እዚህ መድኃኒት እንዳይመጣ፣ የቡ ላይ አረም የለም ብለው ይጻፉልን፤ ያን ጊዜ ያምንዎታል። ሁለተኛ፣ ወደዚህ ተዛውረው ይምጡ፤ ጭስዎን ይይ። «እኔ እጠብቃለሁ» አለችኝ፤ «ግን ጓድ፣ እንደ አራረምዎ አይሁን፤ ቶሎ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ሰርቦ እንደ ገባሁ ቁጭ ብዬ ሪፖርቱን ጻፍኩ። የቡ አካባቢ ተዘዋውሬ ባደረግሁት ጥናት፣ ማሳው እጅግ ንጹሕ በመሆኑ አረም አልተገኘም፤ ስለዚህ ፀረ አረም መላክ የመንግሥትን ሀብት ማባከን ነው አልኩ። በመንግሥት ሥራ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሕይወቴ የጻፍኩት የፍቅር ደብዳቤም እሱ ብቻ ነው። በሦስት ቅጂ ነው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት። ቀጥዬም የዝውውር ማመልከቻዬን ጻፍኩ። በአረም መከላከል ያለኝን ልምድ ዘርዝሬ፣ የቡ ተዛውሬ በሙያዬ እንዳገለግል እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት ጠየቅሁ። ቴምብር እንዳላባክን ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ከተትኳቸው።

ለምን በእግርህ ተነሥተህ አልሄድክም ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ምድብ ሥራ ጥሎ መሄድ እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም፤ ያ እውነት ነው። ግን የበለጠው እውነት፣ ለፍቅር እንኳ የፈቃድ ደብዳቤ የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ክረምቱ አልቆ፣ መስቀል አልፎ፣ ቡናው ተለቅሞ፣ ገና ደረሰ። እሷ ጠብቃለች፤ ቃሏን አላፈረሰችም። ከገና በኋላ ከጸሎት ቤታቸው ሰው የሆነ አንድ አናጢ እዚያው አባቷ ደጅ ቤት ሠራ፤ ጭሱ ይታያል። አሁን የልጅ ልጆች አሏት ይሉኛል። እኔም ጅማ ነኝ፤ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ። ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲያባራ፣ ከአንድ ሰው ጓሮ የተነቀለ አረም ሽታ ሲመጣ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ እቆማለሁ። አሁንም እወዳታለሁ። ይህን ለመጻፍ ፈቃድ አልጠየቅሁም።

የማመልከቻዬ መልስ ከጅማ የደረሰኝ እሷ በተዳረች በሳምንቱ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «የቡ ለመዛወር ያቀረቡት ማመልከቻ ደርሶን ተመልክተነዋል። ይሁንና ከማመልከቻው ጋር አያይዘው በላኩት የጥናት ሪፖርት እንዳረጋገጡልን የቡ ላይ አረም ባለመኖሩ፣ አካባቢው የአረም ባለሙያ የማያስፈልገው ስለሆነ ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን። ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር።» ከማኅተሙ ግርጌ ደግሞ አለቃዬ በገዛ እጁ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ጨምሮበታል፤ «በርታ»።